ለኮንቴነር የተገኘ ቦታ ለሰው አይጠፋም

ርዕሰ አንቀጽ

አገራችን የባሕር በር የሌላት አገር ናት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የአሰብ ወደብ ስለተዘጋብን ከወጪና ገቢ ንግዳችን እጅግ የሚበዛው የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ለማሳ የሚበተነው ማዳበሪያ፣ ለታማሚ የሚገዛው መድኃኒት፣ የሕንፃው ብረት፣ የመኪናው መለዋወጫ ሁሉ ከመርከብ ወርዶ በረሃውን አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ደረቅ ወደብ፣ መጋዘን፣ የባቡር ሐዲድና የጭነት መኪና ማቆሚያ ለኢትዮጵያ የቅንጦት ነገሮች አይደሉም። ፓርቲያችን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ደረቅ ወደቡ ሲስፋፋ፣ የመጋዘኑ ሠፈር ሲከለል፣ መሬቱን የሚለቀው ማን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? ጥቅሙ ወዴት ይሄዳል? ጉዳቱስ በማን ትከሻ ላይ ይቀራል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች በቂ መልስ ሳይሰጥ ካርታ ነድፎ፣ ችካል ተክሎ፣ ከዚያ በኋላ ሕዝብን ስብሰባ መጥራት ልማት ሊባል አይችልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላል ያገራችን ሰው።

ሞጆ ምን ያስተምረናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሞጆ የጭነት ከተማ መሆን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር በዚያ ያልፍ ነበር። በዚያ መስመር ላይ ያሉ ብዙ ከተሞች ያደጉት ባቡሩ በሚያመጣውና በሚወስደው ዕቃ፣ በጣቢያው ዙሪያ በተከፈተው ሻይ ቤት፣ መኝታ ቤትና የእህል ንግድ ነው። ሕዝቡ ጭነትን አይጠላም። እንዲያውም በጭነት ያደገ ሕዝብ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተከፈተ። በ2004 ዓ.ም. የባሕር ትራንስፖርቱ፣ የትራንዚቱና የደረቅ ወደቡ ድርጅቶች በአንድ የፌዴራል ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለትራፊክ ክፍት ሆነ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከዚያው ከሞጆ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ባንክ የሞጆን ደረቅ ወደብ ወደ ዘመናዊ የሎጂስቲክስ ማዕከልነት ለማሳደግ የ150 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አጸደቀ።

እንግዲህ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ አገሪቱ ዓይኗን የጣለችው በአንዲት ከተማና በዙሪያዋ ባለው መሬት ላይ ነው። ያ መሬት ደግሞ ባዶ መሬት አይደለም። የሎሜና የአድአ ጥቁር አፈር ጤፍ፣ ሽንብራና ምስር የሚበቅልበት፣ ለአዲስ አበባ ሌማት የሚተርፍ መሬት ነው። በካርታ ላይ ሲታይ ሜዳ ነው፤ በላዩ ላይ የሚኖረው ገበሬ ግን ስንት ትውልድ እንዳረሰው ያውቃል። ሞጆን በምሳሌነት እናንሳ እንጂ ጉዳዩ የገላን፣ የዱከም፣ የድሬዳዋ፣ የኮምቦልቻ፣ የሰመራና የወረታም ነው። ደረቅ ወደብ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም የመጋዘን ሠፈር በሚደርስበት ከተማ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የታቀደው ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያም ከዚሁ ጥያቄ የሚያመልጥ አይደለም።

የከተማ ነዋሪ ምን አገባው?

አንዳንድ ሰው «መሬቱ የገበሬ ነው፤ እኔ ከተማ ነው የምኖረው» ሊል ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ለምን ቢሉ፣

አንደኛ፣ ከከተማው ዳር የሚፈናቀለው ገበሬ የሚገባው ከተማ ውስጥ ነው። ቤት ይከራያል፣ የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ ልጆቹን ከእርስዎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ያስገባል። ኪራዩ ይወደዳል፣ የቀን ሥራው ክፍያ ይወርዳል፣ መማሪያ ክፍሉ ይጨናነቃል። ጤፉን ያመርት የነበረው ሰው ጤፍ ገዢ ሲሆን ደግሞ የጤፉ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ኮንቴነር በአየር አይመጣም። አንድ ተሳቢ መኪና የሚጭነው ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ወይም አንድ ባለ 40 ጫማ ነው። መጋዘኑ በሰፋ ቁጥር የሚገባውና የሚወጣው ተሳቢ ይበዛል። የማቆሚያ ቦታ አስቀድሞ ካልተሠራ መኪናው የሚቆመው በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በጤና ጣቢያ አጥር ሥር፣ በገበያው መግቢያ ነው። ሌሊት ሞተሩ ሲጮህ ያድራል፤ ቀን ሕፃናት በተሳቢዎች መካከል እየተሽሎከለኩ መንገድ ያቋርጣሉ። የረጅም መንገድ ሾፌሮችና የሚያድሩባቸው ከተሞች በኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ ለብዙ ዓመታት ልዩ ትኩረት የተሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሾፌሩ ጥፋተኛ ነው ማለታችን አይደለም። ንጹሕ ማደሪያ፣ መታጠቢያና ማቆሚያ ሳያዘጋጁለት በከተማ መሐል የበተኑት ናቸው ጥፋተኞቹ።

ሦስተኛ፣ ውሃው ነው። የሞጆ ወንዝ በቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ምክንያት መበከሉ ለዓመታት በጥናት ሲነገር የኖረ ጉዳይ ነው። ወንዙ የሚገባው ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ያለው ሰው ይጠጣዋል፣ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል፣ አትክልት ያለማበታል። በዚህ ላይ በሰፊው ሜዳ ላይ አስፋልትና ኮንክሪት ሲነጠፍበት የክረምቱ ዝናብ ወደ መሬት መስረጉ ቀርቶ ዘይትና ናፍጣ እያጠበ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል። የፍሳሽ ቦዩና ማጣሪያው ከመጋዘኑ ቀድሞ ካልተሠራ በኋላ የሚሠራው የለም። የቆዳ ፋብሪካዎቹ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት በገቢና ወጪ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። በፌዴራል መንግሥት ባለቤትነት ሥር ያለ ድርጅት የሚከፍለው የትርፍ ግብርም እንደዚሁ የፌዴራል ነው። ስለዚህ በከተማው ደጃፍ በየቀኑ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ቢውልም ለማዘጋጃ ቤቱ የሚደርሰው ጢሱ፣ ጩኸቱና የተሰነጣጠቀው መንገድ ነው። መንገዱን የሚጠግነው፣ ቆሻሻውን የሚያነሳው፣ ውሃ የሚያቀርበው ግን ያው ማዘጋጃ ቤት ነው። ይህ ፍትሐዊ ነውን?

አምስተኛ፣ ሥራው ነው። ሕዝብ በተሰበሰበ ቁጥር «ለወጣቱ የሥራ ዕድል ይፈጠራል» ይባላል። ዘመናዊ መጋዘን ግን ሰፊ መሬት ይዞ ጥቂት ሰው የሚቀጥር ሥራ ነው። ክሬንና ፎርክሊፍት ሲመጡ ጫኝና አውራጁ ከበር ውጭ ይቀራል። በቁጥር፣ በደመወዝና በጊዜ ያልተለካ የሥራ ዕድል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እኛ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ገዥው ፓርቲ በየስብሰባው የሚጠቅሳቸው ሕጎች ተከብረው በሥራ ላይ ይዋሉ ነው የምንለው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የአካባቢያቸውን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል፤ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ ይገባዋል ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ አካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዛል። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል በከተማው ዳር ለተሠራ ፋብሪካ ወይም መጋዘን የተዘጋጀ የተጽዕኖ ጥናት በዓይኑ ያየ ስንት ሰው አለ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በብዙ መንገድ የተሻለ ነው፤ ይህን ደብቀን ማለፍ አንፈልግም። ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም ምክክር እንዲደረግ ያዛል። ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ ማልማት ከቻለ ቅድሚያ ይሰጠዋል። በቋሚነት ለሚፈናቀል ገበሬ የሚከፈለውንም ከዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ የሚገባው ጉዳት መሆኑን ተቀብሏል።

ችግሩ ያለው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው አፈጻጸሙ ነው። «ምክክር» የሚባለው ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ሲሆን፣ ተሰብሳቢው እንዲፈርም የሚሰጠው ወረቀት የአበል መቀበያ ይሁን የስምምነት ሰነድ በማያውቅበት ሁኔታ ሲፈረም፣ የሕጉ ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ነው። በዚህ ማሻሻያ ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ተዛውሯል። እንግዲህ ፕሮጀክቱ የፌዴራል፣ ቀረጡ የፌዴራል፣ ትርፉ የፌዴራል ሆኖ ካሳው ብቻ የክልል ይሆናል ማለት ነው። ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ደመወዝ በጀት የሚያጥረው ክልል ለተፈናቃይ ገበሬ ካሳ ከየት አምጥቶ በወቅቱ ይከፍላል? በመጨረሻ የሚጎዳው ገበሬው ነው፤ ወይም የከተማው ትምህርት ቤት ነው።

የካሳውን ብር ምን በላው?

አንድ ምሳሌ እናንሳ። አንድ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት በዓመት ያገኘው ከፍተኛ ገቢ 60,000 ብር ነው እንበል። በአሥራ አምስት ሲባዛ 900,000 ብር ይሆናል። ለጆሮ ብዙ ነው። ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በነበረ ገቢ የተሰላ ካሳ ከዚያ በኋላ ሲከፈል ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ብረት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ያው አይደለም። ካሳው አንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር ገበሬው መሬቱን ሁለት ጊዜ ይነጠቃል፤ አንዴ በችካል፣ አንዴ በዋጋ ንረት።

ከዚህም ሌላ፣ የካሳ ሕጉ በዋናነት የሚናገረው ስለ ባለይዞታው ነው። በዚያው መሬት ላይ በእኩል የሚያርሰው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ ቤት ተከራይቶ ሻይ የምታፈላው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት በካሳው መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። እነዚህ ሰዎች ግን መራጮች ናቸው፤ ዜጎች ናቸው።

የዓለም ባንክ በሚያበድርበት ጊዜ የተፈናቀለ ሰው ኑሮ ቢያንስ ወደ ነበረበት ደረጃ እንዲመለስ የሚጠይቅ መመሪያ አለው፤ የማስፈሪያ ዕቅድም ተዘጋጅቶ ይፋ እንዲሆን ይጠይቃል። መልካም ነው። ለአበዳሪው የሚቀርበው ዝርዝር ሰነድ ግን መሬቱን ለሚለቀው ሰው በሚያነበው ቋንቋ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ለምን አይለጠፍም? የውጭ ባንክ ስለ ገበሬያችን ካወቀው ያነሰ እኛ ልናውቅ ይገባናልን?

«ፀረ-ልማት» የሚለው ስድብ

ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው ወዲያውኑ «ፀረ-ልማት» ይባላል። አንዳንዴም ሌላ የከፋ ስም ይለጠፍበታል። የዚህ ስድብ ዋጋ ምን እንደሆነ አገራችን በደም አይታዋለች። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሕዝብ ሳይመክርበት በ2006 ዓ.ም. ሲገለጽ ተቃውሞ ተነሳ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቀጣጠለ፤ ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። መጨረሻ ላይ መሰረዙ ካልቀረ መጀመሪያ መጠየቁ ምን ይጎዳ ነበር?

ገዥው ፓርቲ የሚያነሳው አንድ ክርክር ግን መልስ ይገባዋል። «ዕቃ በወደብ በዘገየ ቁጥር አገር በውጭ ምንዛሪ ትከፍላለች፤ ስለዚህ ጊዜ የለንም» ይላል። እውነት ነው፤ ኮንቴነር ጅቡቲ ላይ በቆመ ቁጥር ወጪው የሚመጣው በእኛው ላይ ነው። ነገር ግን መዘግየትን የሚያመጣው ምክክር ብቻ አይደለም። የጉምሩክ ሰነድ፣ የባንክ ወረፋ፣ የመኪና እጥረት፣ የባቡሩ በሙሉ አቅሙ አለመሥራት ሁሉ ድርሻ አላቸው። አንድ የጭነት ባቡር 100 ገደማ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ያመጣል፤ ይህ ሃምሳ ተሳቢ መኪና ማለት ነው። ያለውን ባቡር በሚገባ ማሠራት፣ ባለው ግቢ ላይ ኮንቴነሩን ቶሎ ቶሎ ማስወጣት፣ በኮምቦልቻ፣ በድሬዳዋ፣ በሰመራና በወረታ ያሉትን ወደቦች አቅም መጠቀም ከአዲስ ጤፍ ማሳ በፊት መታየት ያለባቸው አማራጮች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ታይተው «አሁንም መሬት ያስፈልጋል» ከተባለ፣ በቅን ልቦና ተነጋግሮ መስማማት ይቻላል። የአንድ ዓመት ምክክር አገር አያቆምም፤ የአንድ ቀን ግፍ ግን ለብዙ ዓመት ቂም ይተክላል።

ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ድምፅ ሰጥታችሁን ምክር ቤት ብንገባ የሚከተሉትን እንፈጽማለን፣ የምንፈጽምበት ሥልጣን ባይኖረን እንኳ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ያለ መታከት እንከራከርባቸዋለን፤

1. ማንኛውም ትልቅ የደረቅ ወደብ፣ የመጋዘንና የጭነት ማዕከል ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ካርታው፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱና የማስፈሪያ ዕቅዱ በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ተተርጉሞ በየቀበሌው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ሕዝብ ያነሳው ተቃውሞና የተሰጠው መልስ በጽሑፍ ይመዘገባል።

2. ካሳው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል ወይም ምትክ መሬቱ ሳይሰጥ ችካል አይተከልም። ክፍያው ከዘገየ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እንደገና ይሰላል።

3. የፌዴራል ፕሮጀክት ካሳ ከፌዴራል በጀት ይከፈል ዘንድ የ2016ቱ ማሻሻያ እንዲታረም ረቂቅ እናቀርባለን።

4. ባለይዞታዎች መሬታቸውን ራሳቸው እንዲያለሙ ሕጉ የሰጣቸው ቅድሚያ በተግባር ይተረጎማል። በማኅበር ተደራጅተው መጋዘን ሠርተው ማከራየት ወይም በፕሮጀክቱ ባለአክሲዮን መሆን ይችላሉ። መሬቱን የሰጠ ሰው የዘበኝነት ሥራ ብቻ አይጠብቅም።

5. በከተማው ክልል ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ጭነት የሚገኝ የተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ለከተማው መንገድ፣ ውሃና ትምህርት ቤት ይውል ዘንድ በሕግ እንዲደነገግ እንሠራለን።

6. የተሳቢ መኪና ማቆሚያ፣ ማደሪያ፣ መታጠቢያና የከተማ ዙሪያ መንገድ ከመጋዘኑ ቀድሞ ወይም እኩል ይሠራል። በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም አካባቢ ከባድ መኪና ማቆም ይከለከላል።

7. ቃል የተገባው የሥራ ዕድል በቁጥር ተጽፎ በውሉ ውስጥ ይገባል። በየዓመቱ ስንት የአካባቢ ሰው እንደተቀጠረ ለከተማው ምክር ቤት ሪፖርት ይደረጋል። የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ከማሽኑ ጋር አብረው የሚሠሩበት ሥልጠና ይሰጣቸዋል።

8. ተከራዮች፣ በእኩል የሚያርሱ ገበሬዎችና አነስተኛ ነጋዴዎች በተጎጂነት ይመዘገባሉ፤ መቋቋሚያም ያገኛሉ።

ውድ መራጮች፣

እነዚህ ነጥቦች ተአምር አይደሉም። አብዛኞቹ በሥራ ላይ ባሉት ሕጎች ውስጥ በቃልም ሆነ በመንፈስ ያሉ ናቸው። የጠፋው ሕግ ሳይሆን ሕጉን «ፈጽም» የሚል ተቆጣጣሪ ነው። ያ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚገኘው ከአንድ ፓርቲ ብቻ በሞላ ምክር ቤት ውስጥ አይደለም። ሁሉም እጁን በአንድ ላይ የሚያወጣበት ምክር ቤት የመጋዘኑን ካርታ በአንድ ቀን ውሎ ያጸድቃል፤ «የባለመሬቱ ፊርማ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አይገኝበትም።

ስለዚህ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ ስለ ሩቁ ፖለቲካ ብቻ አያስቡ። ከደጃፍዎ ፊት ለፊት ስለሚያልፈው ተሳቢ፣ ልጅዎ ስለሚሻገረው መንገድ፣ ስለሚጠጡት ውሃ፣ ከከተማው ዳር ስላለው የዘመድዎ ማሳ ያስቡ። የሚወዳደረው ዕጩ በከተማዎ ስለታቀደው ሥራ ምን አቋም እንዳለው በአደባባይ ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ድምፅዎን አይስጡት። የእኛም ዕጩ ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም።

አገሪቱ ኮንቴነር የምታሳርፍበት ቦታ ያስፈልጋታል። ዜጎቿም የሚያርፉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማስኬድ የሚችል አስተዳደር መምረጥ በእጅዎ ነው።